የድሮ አንባቢዎች ሐሳባቸውን የት ጻፉት?

ጥያቄ፦ «ዛሬ መጽሐፍ አንብበን ስንጨርስ ኮከብ እንሰጣለን፤ ሁለት መስመር አስተያየትም እንለጥፋለን። ከ200 እና ከ400 ዓመት በፊት የነበሩ አንባቢዎች ግን ያነበቡትን ይውደዱት ይጥሉት በምን ይታወቃል? ደግሞ እኛ ቤት የአያቴ የብራና ዳዊት አለ። ጠርዙ ላይ የተሞነጫጨረ ነገር አለው፤ ክር የተሰፋበትም ገጽ አለ። ወንድሜ ይጽዳ ይላል። እሱም ከዚህ ጉዳይ ይቆጠራል?»

መልስ፦ ይቆጠራል። ስለ ዳዊቱ ዝቅ ብዬ በሰፊው እጽፋለሁ። እስከዚያው ግን ወንድምዎ እጁን ይሰብስብ፤ ምንም አይጸዳም።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ። የድሮ አንባቢዎች ሐሳባቸውን የተዉት በአንድ ቦታ አይደለም። በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ አለ። ከመጨረሻው ገጽ ጀርባ አለ። በዕለት ማስታወሻ፣ በደብዳቤ፣ አንዳንዴም በፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ አለ። ችግሩ፣ አብዛኞቹ «ወደድኩት» ወይም «አልወደድኩትም» ብለው አልጻፉም። የጻፉት ለሥራ ነው፤ ለማስታወስ፣ ለማስተማር፣ ለመሟገት፣ ለመጸለይ። የተሰማቸውን የምናገኘው መጽሐፉን ምን እንዳደረጉበት በማየት ነው። ስለዚህ የኮከብ ዓይነት ፍርድ ብቻ ከፈለጉ ብዙ አያገኙም። መጽሐፉን እንዴት እንደተጠቀሙበት ከፈለጉ ግን የሚገኘው ነገር ከኮከብ ይበልጣል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጠርዙ እንጀምር። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ መጽሐፍ በእጅ ይገለበጥ ነበር። ብዙ ጊዜ ጠርዙ ሰፋ ተደርጎ ይተዋል። ተማሪው ማብራሪያ ይጽፍበታል፤ መምህሩ እርማት ያስገባበታል። መጻፍ ያልፈለገ ደግሞ ምልክት ያደርጋል። በጣም የተለመደው ምልክት ጣቷን የቀሰረች ትንሽ እጅ ናት። «እዚህ ጋ ልብ በል» ማለት ነው። አንዳንዱ አንባቢ እጇን ከነእጅጌዋ አሳምሮ ይስላታል። አንዳንዱ ደግሞ አንቀጹን በሙሉ ለማሳየት ብሎ መጠን ያለፈ ረጅም ጣት ይስላል። ሰው ደጋግሞ ሲስላት እጇ የራሱን መልክ ትይዛለች። ስለዚህ ስሙን ያልጻፈ አንባቢ በሳላት እጅ የሚታወቅበት ጊዜ አለ።

ጣሊያናዊው ገጣሚ ፔትራርካ በዚህ ሥራ ብርቱ ነበር። የሮማዊውን ገጣሚ የቨርጂልን ሥራዎች የያዘ አንድ ትልቅ ብራና ነበረው። ዛሬ ሚላኖ ውስጥ፣ አምብሮዚያና በሚባለው ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ጠርዙ በፔትራርካ ማስታወሻ የተሞላ ነው። ከሁሉ የሚገርመው ግን ፊተኛው ቅጠል ላይ ያለው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ግጥም የጻፈላትን ላውራን መጀመሪያ ያያት ሚያዝያ 6 ቀን 1327 እንደሆነ፣ የሞተችውም በዚያው ወርና ቀን በ1348 እንደሆነ ጽፎበታል። እዚህ የጻፈበትንም ምክንያት ይናገራል፤ ዓይኑ ደጋግሞ የሚያርፍበት ቦታ ስለሆነ ነው። ይህ ስለ ቨርጂል የተሰጠ አስተያየት ነው? በጥብቅ ካየነው አይደለም። ግን ሐዘኑን የሚያስቀምጥበት ቦታ ሲፈልግ ይህን መጽሐፍ መምረጡ፣ ለእኔ ከማንኛውም ውዳሴ የበለጠ ይናገራል።

እርስዎ ለሚፈልጉት ዓይነት አስተያየት በጣም የሚቀርበው ሰው ፈረንሳዊው ሞንታኝ ነው። በ1580 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ስለ ንባቡ የጻፈው አንድ ምዕራፍ አለ። የማስታወስ ችሎታዬ ደካማ ነው ይላል። አዲስ ነው ብሎ ያነሳው መጽሐፍ፣ ከዓመታት በፊት ራሱ በጥንቃቄ አንብቦ ጠርዙን የሞላው ሆኖ ያገኘዋል። (ይህ የደረሰበት አንባቢ ዛሬም ብዙ ነው፤ ብቻ አይናገርም።) እናም መላ ፈጠረ። አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነበው ያሰበውን መጽሐፍ ሲጨርስ፣ መጨረሻው ላይ ያነበበበትን ቀንና ጠቅላላ ፍርዱን መጻፍ ጀመረ። ከእነዚህ ፍርዶች ጥቂቶቹን እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ገልብጦልናል። ስለ ጣሊያናዊው ታሪክ ጸሐፊ ጉቻርዲኒ የጻፈው ጥሩ ነው። ሰውዬው ስለ ስንት ሰው ሥራና ምክር ፈረደ፤ ግን አንዱንም እንኳ ከደግነት፣ ከሃይማኖት ወይም ከህሊና የመጣ ነው አላለም። ሁሉንም ለክፉ ምክንያት ወይም ለጥቅም ሰጠው። ምናልባት ሌላውን ሰው በራሱ ልክ መዝኖ ይሆናል ብሎ ሞንታኝ ይጠረጥራል። ይህ ዛሬ ቢለጠፍም የሚያስጨበጭብ አስተያየት ነው።

ሞንታኝ የተናገረውን በተግባርም አይተነዋል። የሮማዊው ገጣሚ የሉክሬቲየስ መጽሐፍ በ1563 ፓሪስ ታትሞ ነበር። ከዚያ እትም አንዱ ቅጂ የሞንታኝ ነበር። ንባቡን ጥቅምት 16 ቀን 1564 እንደጨረሰ መጨረሻው ላይ ጽፏል፤ ያን ጊዜ 31 ዓመቱ ነው። ባዶ ቅጠሎቹንና ጠርዙን በላቲንና በፈረንሳይኛ ሞልቶታል። ግን መጽሐፉ የማን እንደነበር የታወቀው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ኋላ መጽሐፉን የያዘ ሰው የራሱን ስም በሞንታኝ ፊርማ ላይ ደርቦ ጽፎበት ስለነበር ለዘመናት ማንም ልብ አላለውም። አሁን በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አለ።

የዕለት ማስታወሻ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ውስጥ አንባቢው ከነወጪው፣ ከነእፍረቱ ይገኛል። የለንደኑ ሳሙኤል ፒፕስ የባሕር ኃይል አስተዳደር ባለሥልጣን ነበር። ከ1660 እስከ 1669 ማስታወሻ ጽፏል፤ የጻፈውም በአጭር ጽሕፈት፣ ማለትም ቃላትን በምልክት እያሳጠሩ በሚጽፉበት ዘዴ ነው። በ1662 መጨረሻ ላይ «ሁዲብራስ» የሚባል፣ አክራሪ ሃይማኖተኞችን የሚያፌዝ ግጥም ወጥቶ ከተማው በእሱ ይስቅ ነበር። ፒፕስም ታኅሣሥ 26 ቀን በ2 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ገዛው። አነበበው። ፌዙ ጅል ሆኖ ታየውና በመግዛቱ አፈረ። በዚያው ቀን ምሳ ላይ ላገኘው ሰው በ18 ፔንስ ሸጠው። በአንድ ቀን 12 ፔንስ ከሰረ ማለት ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ተራ ነገር ነበር። ግን ከተማው ማድነቁን አላቆመም። ፒፕስ ተጨነቀ። የካቲት 6 ቀን 1663 ሄዶ ሌላ ቅጂ ገዛ። ዓለም ሁሉ የሚያደንቀውን መጥላቴ የራሴ ጠባይ ክፋት መሆን አለበት፣ እንደገና ላንብበው ብሎ ጻፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሁለተኛው ክፍል ሲወጣ ግን አልገዛም፤ ተውሶ ሊያነበው ወሰነ። መጀመሪያውን ክፍል ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሬው ቀልዱ አልገባ አለኝ ይላል። ሁሉም ያጨበጨበለትን መጽሐፍ አልወድም ለማለት ድፍረት ያጣ ሰው ካለ፣ ፒፕስ ወንድሙ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ጠርዝ ላይ አይገኝም። ጠርዝ ላይ የሚጽፍ ሰው ሌላ አንባቢ ሊያየው እንደሚችል ያውቃል። በአጭር ጽሕፈት ለራሱ የሚጽፍ ግን ያን ያህል አይጠነቀቅም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ደብተር አለ፤ የጥቅስ ማጠራቀሚያ ደብተር። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ተማሪ የነበረ ሰው ሲያነብ ያማረውን ዓረፍተ ነገር በርእስ በርእሱ እየለየ እንዲገለብጥ ይማር ነበር። ስለ ሞት፣ ስለ ወዳጅነት፣ ስለ ገንዘብ። ፈላስፋው ጆን ሎክ በ1686 እንዲህ ያለ ደብተር ማውጫ የሚሠራበትን ዘዴ አሳትሟል፤ ርእሱን በመጀመሪያ ፊደሉና ከሱ በሚከተለው የመጀመሪያ አናባቢ መመደብ። እኔ በበኩሌ እነዚህ ደብተሮች ትንሽ ያሰለቹኛል። ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቅስ ይገለብጣል። ያም ሆኖ ሰው ከአንድ መጽሐፍ ምን ይዞ እንደወጣ፣ ምኑን ደግሞ እንዳለፈው ከእነሱ የተሻለ የሚያሳይ የለም።

አሁን አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። የጠርዝ ጽሑፍ ሲያዩ «ይህ ሰው ብቻውን ከራሱ ጋር ያወራል» ብለው አይቸኩሉ። እንግሊዛዊው ገጣሚ ኮልሪጅ የወዳጆቹን መጽሐፍ ተውሶ ሞንጭሮ የመመለስ ልማድ ነበረው። ወዳጆቹ የሚቆጡ ይመስልዎታል? በተቃራኒው ነው። ወዳጁ ቻርልስ ላም በ1820 በጻፈው አንድ መጣጥፍ፣ መጽሐፍህን ለኮልሪጅ አውስ፤ ከነወለዱ ይመልስልሃል ብሎ መክሯል። ኮልሪጅም ያውቅ ነበር። በ1811 ከላም በተዋሰው መጽሐፍ ላይ እንዲህ የሚል ሐሳብ ጽፎለታል፦ ብዙ አልቆይም ቻርልስ፤ ስሄድ ለመታሰቢያ ብዬ መጽሐፍህን ማበላሸቴን አትቀየምም። ከዚያ በኋላ ወደ 23 ዓመት ገደማ መኖሩን አንርሳ። የጠርዝ ማስታወሻዎቹ ተሰብስበው ሲታተሙ ስድስት ትላልቅ ጥራዝ ሆነዋል። ይህ ሰው ጠርዝ ላይ ሲጽፍ አንባቢ እንዳለው ያውቃል፤ መድረክ ላይ ነው።

የአሜሪካ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ሌላ ዓይነት ነው። እሱ ይጣላል። እንግሊዛዊቷ ጸሐፊ ሜሪ ወልስቶንክራፍት ስለ ፈረንሳይ አብዮት የጻፈችውን መጽሐፍ ጠርዝ በ10,000 ቃላት ገደማ ሞልቶታል። ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ይመልስላታል፤ ይቆጣል፤ ያላግጣል። ደግሞ አንድ ጊዜ አንብቦ አልተወውም፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሶበታል። እንግዲህ ጠላው ወይስ ወደደው? እኔ «ጠላው» ለማለት ይከብደኛል። ሰው 10,000 ቃል የሚያወጣው ለናቀው መጽሐፍ አይደለም።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን አንባቢው በቀጥታ ለደራሲው መጻፍ ጀመረ። ፈላስፋው ሩሶ በ1761 «ጁሊ» የተባለውን ልቦለዱን ሲያወጣ ከማያውቃቸው ሰዎች የሚመጣ ደብዳቤ ወረደበት። አለቀስን ይላሉ። ማንበብ አቅቶን አቆምን ይላሉ። ገጸ ባሕርያቱ በእውነት የኖሩ ሰዎች መሆናቸውን ንገረን ብለው የለመኑትም አሉ። ስሜትን በግልጽ ለሚፈልግ ሰው ይህ የደብዳቤ ክምር ጥሩ መነሻ ነው። ብቻ ልብ ይበሉ፤ ለደራሲ የሚጽፍ ያው ልቡ የተነካ ነው። መጽሐፉን በገጽ 40 ወርውሮ የተኛው ደብዳቤ አይጽፍም።

ወደ እኛ አገር እንምጣ፤ የአያትዎ ዳዊት እዚህ ላይ ነው የሚገባው።

የብራና መጽሐፍ ቀላል ዕቃ አይደለም። ቆዳው ይፋቃል፣ ይወጠራል፣ ይሰመራል። ቀለሙ ይበጠበጣል። ጸሐፊው ወራት ይቀመጥበታል። ስለዚህ ማንም እየተነሳ አይሞነጭርበትም። ቢሆንም ባዶ አይደለም። መጀመሪያ ስሙን ይፈልጉ። በጸሎት መጻሕፍት ውስጥ «ለገብርከ» ወይም «ለአመትከ» ከሚለው ቀጥሎ የባለቤቱ ስም ይገባል። መጽሐፉ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም ይፍቅና የራሱን ያስገባል። ብዙ ጊዜ የተፋቀበት ቦታ ሳስቶና ሻክሮ ይታያል። በደህና ብርሃን ያዘንብሉት፤ የቀድሞው ስም ከሥር ብቅ ሊል ይችላል። በአንድ ጸሎት መሃል ስሙን ያስገባ ሰው መጽሐፉን እንዴት እንዳነበበው ነግሮናል። የራሱ ጸሎት አድርጎ ነው።

ጠርዙ ላይ «ዘሰኑይ»፣ «ዘሠሉስ» የሚል ካለ ደግሞ ዳዊቱ በዕለት ተከፍሎ ይደገም እንደነበር ያሳያል። ክሩም እንዲሁ ነው። በቅጠሉ ጫፍ ላይ የሚሰፋው ባለ ቀለም ክር አንባቢው ቶሎ ሊገልጠው የሚፈልገውን ቦታ የሚያመለክት ነው። ስለዚህ አይነቀልም። የትኛው መዝሙር ላይ እንደተሰፋ ያዩ ዕለት አያትዎ ወይም ከእርሳቸው በፊት የነበረው ሰው ወደ የትኛው ገጽ ይሮጥ እንደነበር ያውቃሉ። በባዶዎቹ ቅጠሎች ላይ ደግሞ የልጅ ልደት፣ የዕዳ ነገር፣ የብዕር ሙከራ፣ አንዳንዴም ከመጽሐፉ ጋር ጨርሶ የማይገናኝ ውል ይገኛል። እርግማኑንም ሳያገኙት አይቀርም፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን»። የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ወንድምዎ ይህችን ቢያነብ ማጽዳቱ ይቀርበት ነበር።

እድፉስ ምን ይነግረናል እንዳይሉ። ካትሪን ሩዲ የምትባል የሥነ ጥበብ ታሪክ ባለሙያ በ2010 ባሳተመችው ጥናት የመካከለኛው ዘመን የኔዘርላንድስ የጸሎት መጻሕፍትን እድፍ በመሣሪያ ለካች። የቅጠሉ ጫፍ የቱ ጋ እንደጠቆረ፣ የቱ ጋ ንጹሕ እንደሆነ ገጽ በገጽ መዘገበች። ከወረርሽኝ ያድናል ተብሎ የሚታመነው የቅዱስ ሰባስቲያን ጸሎት ያለበት ገጽ ጣት የበዛበት ሆኖ ተገኘ። ሌሊት የሚደረስ አንድ ጸሎት ደግሞ መጀመሪያዎቹ ገጾች ብቻ ቆሽሸዋል፤ አንባቢው እንቅልፍ ሳይጥለው አልቀረም። አንድም ቃል ያልጻፈ ሰው በጣቱ ላብ ምስክርነት ሰጠ። የእርስዎ ዳዊት ላይ ያለው የጧፍ ጠብታና የጣት ጥላሸትም እንዲሁ ነው። የትኛው መዝሙር ላይ እንደበዛ ይዩ።

ምን ያድርጉ? እያንዳንዱን ገጽ፣ ባዶውንም ጭምር፣ በቀን ብርሃን ያለ ፍላሽ ፎቶ ያንሱ። ላጲስ፣ ውሃ፣ አልኮል አይንካው። ፕላስተር አይለጠፍበት። ይጠረዝ የሚል ካለ ጠርዙ እንዳይቆረጥ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ሰብሳቢዎች «ንጹሕ ቅጂ» ይሻላል እያሉ ስንቱን መጽሐፍ በኬሚካል አጥበዋል፤ ጠራዦችም ጠርዝ ሲያስተካክሉ የስንቱን አንባቢ ዓረፍተ ነገር ግማሹን ቆርጠው ጥለዋል። ዛሬ ባለሙያው የተረፈውን ፊደል እየገመተ ይኖራል። ግዕዙን ለማንበብ ከአካባቢዎ ደብተራ ወይም መሪጌታ ጋር አብረው ቁጭ ይበሉ። ቤተሰብ ስለ መጽሐፉ የሚያውቀውን ደግሞ በሌላ ወረቀት ላይ ይጻፉ እንጂ በራሱ ላይ አይጨምሩበት።

ግን የእኛን አገር አንባቢ በጠርዝ ብቻ የሚፈልግ ሰው ትልቁን ነገር ያጣዋል። ትልቁ ነገር ያለው ጉባኤ ቤት ነው። መምህሩ የግዕዙን ንባብ ይዞ በአማርኛ ይተረጉማል። አንዱን ቃል በአንድ መንገድ ይፈታና «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ያመጣል፤ ደግሞ ሌላ። የቀደሙ መምህራን በአንድ ጥቅስ ላይ የተለያዩበት ሐሳብ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ተማሪው ይህን ሁሉ በቃሉ ይይዛል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ጎንደር ላይ መምህር ኤስድሮስ የትርጓሜውን ትምህርት መልሰው እንዳዋቀሩት ይነገራል። ከዚያ ወዲህ «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» የሚባሉት ሁለት የትርጓሜ ወገኖች ተለያይተው ይታወቃሉ። ልብ ይበሉ፤ ይህ እኮ የአንባቢ ምላሽ መዝገብ ነው። በብራና ጠርዝ ላይ ሳይሆን በሰው ጭንቅላት ውስጥ ተጽፎ ከመምህር ወደ ተማሪ የተላለፈ። በኋላ ነው በጽሑፍ፣ ቆይቶም በኅትመት የመጣው። ያውም አንድ አንባቢ ብቻውን የሰጠው አስተያየት ሳይሆን የትውልዶች ክርክር ነው። እኔን ቢጠይቁኝ ከኮልሪጅ ስድስት ጥራዝ ጋር የሚወዳደር ሀብት ይህ ነው።

በጋራ ማንበብ ሲነሳ የደማስቆን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ብዙ መጻሕፍት በጉባኤ ጮክ ተብለው ይነበቡ ነበር። ሲያልቅ የሰሙት ሰዎች ስም በመጽሐፉ ላይ ይጻፋል፤ ማን አነበበ፣ የት፣ በየትኛው ቀን። ሙሉውን የሰማና ከፊሉ ያመለጠው ይለያል። ሴቶችና ሕፃናትም ስማቸው ይገባል። ምን እንደተሰማቸው አንድም ቃል የለም። ማን ከማን ጎን ተቀምጦ እንደሰማ ግን እናውቃለን፤ የአውሮፓ ጠርዝ ይህን አይነግረንም።

ብዕር የማይይዝ፣ ወይም ይዞም ስለ ንባቡ ያልጻፈ ተራ ሰውስ? አንዳንዴ ጠላቱ ይጽፍለታል። በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን፣ በፍሪዩሊ፣ ሜኖክዮ የሚባል፣ በወፍጮ እህል እየፈጨ የሚኖር ሰው ነበር። ማንበብ ይችላል። ገዝቶም ተውሶም ጥቂት መጻሕፍት አንብቧል። ያነበበውን ደግሞ ዝም ብሎ አልያዘም፤ ላገኘው ሁሉ ያወራል። በ1584 በሃይማኖት መርማሪዎች ፊት ቀረበ። ዓለም እንዴት እንደተፈጠረ ሲጠየቅ፣ መጀመሪያ ሁሉም የተደባለቀ ነበር፤ ከወተት አይብ እንደሚረጋ ከዚያ ውስጥ ረጋ፤ አይብ ውስጥ ትል እንደሚወጣ መላእክት ወጡ አለ። ጸሐፊው ቃል በቃል መዘገበው። ሜኖክዮ ታሰረ፤ ኋላ ተፈታ፤ አላረፈም፤ እንደገና ተይዞ በ1599 ሞት ተፈረደበት። ካርሎ ጊንዝቡርግ የተባለ የታሪክ ምሁር በ1976 ባሳተመው ጥናት ምርመራውን ሜኖክዮ ካነበባቸው መጻሕፍት ጋር አስተያየው። መጽሐፉ የሚለውና ሜኖክዮ አነበብኩት የሚለው ብዙ ቦታ አይገጥምም። ያነበበውን ከገጠሩ ወሬና ከራሱ ኑሮ ጋር ቀላቅሎ ሌላ ነገር አድርጎታል። ስለ አንድ ተራ አንባቢ አእምሮ ይህን ያህል የምናውቀው ሊገድሉት ስለመረመሩት ነው። ደስ የሚል ምንጭ አይደለም፤ ግን ሌላ የለንም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ምልክት የሌለበት መጽሐፍ ያልተነበበ መጽሐፍ ነው ወይ? አይደለም። ይህን የተማርነው ከኮፐርኒከስ ነው። ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለው መጽሐፉ በ1543 ታተመ። አርተር ኬስትለር የተባለ ደራሲ በ1959 ማንም ያላነበበው መጽሐፍ ነው ብሎ ጻፈ። ኦወን ጊንገሪች የተባለ የሥነ ፈለክ ታሪክ ምሁር ግን በ1970 ኤድንብራ ውስጥ አንድ ቅጂ አገኘ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥንቃቄ የተጻፈበት ነው፤ የጻፈበትም የ16ኛው ክፍለ ዘመን የሥነ ፈለክ መምህር ኤራስመስ ራይንሆልድ ነበር። ጊንገሪች ነገሩ ከነከነውና ከአገር አገር እየዞረ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን እትም 600 ያህል ቅጂዎች መረመረ። ብዙዎቹ ላይ የጠርዝ ጽሑፍ አገኘ። ከመምህር ወደ ተማሪ የተገለበጠ ማስታወሻም አገኘ፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው በራሱ ቅጂ ላይ ይደግመዋል። ባዶ የሆኑትም ቢሆኑ ያልተነኩ ናቸው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ዛሬም ሳይሞነጭር ያነባል።

ይኸው ፍለጋ ሌላም ነገር አወጣ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1620 ከመጽሐፉ የሚታረሙ ቦታዎችን ዘርዝራ አውጥታ ነበር። ጊንገሪች ሲያየው ጣሊያን ውስጥ ከነበሩት ቅጂዎች ከግማሽ በላይ ታርመዋል። በስፔንና በፖርቱጋል ግን አልታረሙም ማለት ይቻላል። ጋሊሌዮ የራሱን ቅጂ አርሟል፤ ፍሎረንስ ውስጥ አለ። የሰረዘው ግን በስሱ ነው፤ ከሥር ያለው ጽሑፍ በደንብ ይነበባል።

በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ ከአገራችን ብራናዎች ቢጀምሩ ይሻላል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኢትዮጵያ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነስተዋል። ቅጂዎቹ በአሜሪካ በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ባለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት የብራናዎቹን ካታሎግ ሲያዘጋጁ ዋናውን ጽሑፍ ብቻ አልመዘገቡም፤ በባዶ ቅጠልና በጠርዝ ላይ ያለውንም መዝግበዋል። ብዙው በኢንተርኔት ላይ ተለቋል፤ ተመዝግቦ በነጻ ማየት ይቻላል። ካታሎጉን ሲከፍቱ የመጽሐፉን ርእስ ይለፉትና በቀጥታ ስለ ተጨማሪ ጽሑፎች ወደሚናገረው ክፍል ይሂዱ። ከአያትዎ ዳዊት ላይ ያገኙትን ከዚያ ጋር ማስተያየት ይችላሉ።